ሌክሰስ ኢኤስ 300ኤች በሰሜን ቨርጂኒያ፦ ኪስ የሚያራግፈው ባትሪው አይደለም

ሃይብሪድ (በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄድ) ሌክሰስ ይዛችሁ ሀበሻ ሬስቶራንት ፓርኪንግ ላይ ከቆማችሁ የሚመጣላችሁ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፣ "ባትሪው ሲሞትስ ስንት ነው?" በጋሎን ስንት ትሄዳለች የሚል የለም፣ ትመቻለች ወይ የሚል የለም፣ ባትሪው ብቻ። የአጎቴ ልጅ እንደውም ገና ቁልፉን ሳልቀበል ደውሎ "አንተ ጤነኛ ነህ? ያገለገለ ሃይብሪድ ይገዛል እንዴ?" አለኝ። የያዝኩት 2020 ሞዴል ኢኤስ 300ኤች ነው፣ ከሊዝ የተመለሰች፣ ሰርቲፋይድ ሆና (ተፈትሻ ተጨማሪ ዋራንቲ ተሰጥቷት) የገዛኋት፣ አሌክሳንድሪያና ቤይሊስ ክሮስሮድስ አካባቢ ስመላለስባት ጥቂት ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ለሃይብሪዱ ነገር ያወጣሁት ነገር ቢኖር አንድ ፊልትሮ የማጽዳት ጉልበት ነው፣ እሱም የራሴ ጉልበት። ገንዘቤን የበላው ሌላ ነገር ነው፣ ሌክሰስነቷ። ሰው የሚፈራበት ቦታና ገንዘቡ በትክክል የሚወጣበት ቦታ ጭራሽ አይገናኝም፣ ለዛ ነው ይሄን ሁሉ የምጽፈው።

ለማታውቋት፣ ኢኤስ በአጭሩ የተመቻቸች ካምሪ ነች ማለት ይቻላል። ከ2019 ጀምሮ ጂኤ-ኬ በሚባለው የቶዮታ ፕላትፎርም ላይ ነው የምትሰራው፣ ካምሪውም ራቭ4ቱም አቫሎኑም እሱ ላይ ናቸው። ሞተሩ ኤ25ኤ-ኤፍኤክስኤስ የሚባል 2.5 ሊትር ባለ አራት ሲሊንደር ነው፣ ከኤሌክትሪክ ሞተሮቹ ጋር ተደምሮ 215 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል፣ ካምሪ ሃይብሪድ ውስጥ ያለውም ይሄው ሞተር ነው ትንሽ ተስተካክሎ። ይሄ ደግሞ ለኪስ ትልቅ ነገር ነው ምክንያቱም ኮፋኖውን ስትከፍቱ የምታዩት አብዛኛው ዕቃ የቶዮታ ዕቃ ነው፣ የትም አውቶ ፓርት ሱቅ ታገኙታላችሁ፣ ካምሪ የሚሰራ መካኒክ ሁሉ እጁ ያውቀዋል።

ታዲያ ለምን ካምሪውን አልገዛህም? ጸጥታዋ ነው በቃ። ሃይዌይ ላይ 70 እየሄዳችሁ በሹክሹክታ ማውራት ትችላላችሁ። የኋላ ወንበሯ ደግሞ ሰፊ ነው፣ እግር መዘርጊያው ሊሙዚን ነው የሚመስለው። እማዬ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ከዱለስ ኤርፖርት ገና ሳንወጣ ነው እንቅልፍ የወሰዳት፣ የበፊቷ መኪናዬ ላይ ግን ወገቤን ወገቤን እያለች ነበር የምትሄደው። ፍጥነት የምትፈልጉ ከሆነ ይቺ አትሆናችሁም፣ ከዜሮ 60 ለመድረስ ወደ 8 ሰከንድ ይፈጅባታል፣ ረግጣችሁ ስትነዷት ደግሞ ሞተሩ አንድ ድምፅ ላይ ቆሞ ይጮኻል፣ እሱ አይወደድም። ራምፕ ላይ ስወጣ ሁሌ ሬዲዮውን ከፍ ነው የማደርገው።

ወደ ነዳጁ ልምጣ። የኢፒኤ (የአሜሪካ መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት) ቁጥሯ በአማካይ 44 ማይል በጋሎን ነው፣ ተራዋ ቤንዚን ኢኤስ 350 ደግሞ 26 ነች። በዓመት 15 ሺህ ማይል የምትነዱ ከሆነ ሃይብሪዷ ወደ 340 ጋሎን ትጠጣለች፣ 350ዋ ደግሞ ወደ 577። ጋሎኑን 3 ዶላር ከ20 ብንለው በዓመት ወደ 750 ዶላር ልዩነት ነው። አዲስ ሆነው በ2019 ሲወጡ በዋጋ ይለያዩ የነበረው በ1,800 ዶላር አካባቢ ስለነበር ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ብሩ ተመልሷል ማለት ነው፣ ከዛ በኋላ ያለው ትርፍ ነው። አሮጌ ገበያ ላይ ደግሞ አንዳንዴ ዋጋቸው እኩል ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ ለምን? ሰው ባትሪውን ስለሚፈራ! የሰው ፍርሃት ለኛ ዲስካውንት ሆነልን ማለት ነው። ሌላው ደስ የሚለው ነገር ፕሪሚየም ነዳጅ አትጠይቅም፣ 87ቱን ተራውን ነው የምትጠጣው። ቅንጡ ተብሎ የሚሸጥ መኪና ሁሉ 91 ወይም 93 የሚጠጣ የሚመስለው ሰው አለ፣ የጎረቤቴ የጀርመን መኪና ለምሳሌ እሱን ካልሰጧት አይሆንም፣ እኛ ግን ጋዝ ስቴሽን ከካምሪው እኩል ነን።

በእውነተኛ መንገድ ላይ 44 ታገኛለህ ወይ ካላችሁኝ አዎም አይደለምም። በጸደይና በመኸር፣ ኤሲም ሂተርም ብዙ በማይሰራበት ጊዜ፣ በተለይ 395 ሃይዌይ ላይ ጠዋት ጠዋት መኪና በመኪና ላይ ተጣብቆ በሚሄድበት ሰዓት፣ ከ44ም በላይ ትሰጣለች፣ ሌላው ሰው ትራፊክ ሲጠላ እኔ ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ሲወጣ አያለሁ፣ ምክንያቱም ሲቆም ሞተሩ ይጠፋል፣ ሲንፏቀቅ በኤሌክትሪክ ነው፣ ፍሬን ስትይዙ ጉልበቱ ተመልሶ ባትሪው ውስጥ ይገባል። ክረምት ላይ ግን ወደ 30ዎቹ መጨረሻ ትወርዳለች፣ ሂተር ለመስጠት ሞተሩ መሞቅ ስላለበት ቀይ መብራት ላይም አይጠፋም። ወደ ሪችመንድ 80 እየረገጣችሁ ከሄዳችሁም ትወርዳለች። ታንኳ 13.2 ጋሎን ስለሆነ ትንሽ ነው ግን አንዴ ከሞላችሁ 500 ማይል ያለ ጭንቀት ትሄዳላችሁ። ድሮ እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ ሃይብሪድ የያዘ ሰው ብቻውን ኤችኦቪ ሌን (ከአንድ ሰው በላይ ለጫነ መኪና የተለየው መስመር) ውስጥ ይገባ ነበር፣ ለሱ ብለው ፕሪየስ የገዙ አውቃለሁ፣ አሁን ያ ነገር ቀርቷል፣ ለሱ ብላችሁ እንዳትገዙ።

አሁን ወደ ባትሪው። መጀመሪያ ግን ይቺ መኪና ውስጥ የሌለውን ልንገራችሁ። ሞተሪኖ የላትም። ዲናሞ የላትም። ሞተሩን የሚያስነሳው ከሁለቱ የኤሌክትሪክ ሞተሮች አንዱ ነው፣ ትንሹን ባትሪ የሚሞላው ደግሞ ከትልቁ ባትሪ የሚመጣ ኮንቨርተር ነው። ካምቢዮዋም ሲቪቲ ይባላል እንጂ ሰው የሚፈራው ቀበቶ ያለበት ሲቪቲ አይደለም፣ ውስጡ የሚበጠስ ቀበቶ የለም፣ የሚቃጠል ፍሪሲዮን የለም፣ ጥርሶችና ሁለት ኤሌክትሪክ ሞተር ናቸው። ተራ መኪና ላይ ከ100 ሺህ ማይል በኋላ አንድ በአንድ የሚጠይቋችሁ ነገሮች እዚህ ከነጭራሹ አልተገጠሙም። የፍሬን ሸራም እንደዛው፣ መኪናዋ ግማሹን የምትቆመው በኤሌክትሪክ ሞተሩ ስለሆነ ሸራው አያልቅም ማለት ይቻላል። ግን እዚህ ጋ አንድ ነገር አለ፣ ፍሬኑ ብዙ ስለማይሰራ ክረምት ላይ መንገዱ ጨው ሲሆን የኋላ ዲስኮቹ ዝገት ይይዛቸዋል፣ ሸራው ሳያልቅ ዲስኩ ይበላሻል ማለት ነው። ቨርጂኒያ በየዓመቱ ሴፍቲ ኢንስፔክሽን ስላለብን እዛ ላይ ነው የሚይዟችሁ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ አልፎ አልፎ ባዶ መንገድ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ፍሬን ያዙ፣ በዓመት አንዴ ደግሞ መካኒኩ ሸራውን አውጥቶ ካሊፐሩን ያጽዳው ይቅባው።

ባትሪው ራሱ በኔ ሞዴል ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ነው፣ ከ2021 ጀምሮ ሊቲየም አድርገውታል። ከኋላ ወንበር ስር ነው ያለው። ከ2019 በፊት ባሉት ላይ ከወንበሩ ጀርባ ስለነበር ፖርቶ ባጋሊዮውን ያጠብበው ነበር፣ አሁን ያ ችግር የለም፣ የኢድ የፋሲካ ዕቃ ሁሉ ይገባል። ዋራንቲው ነው ዋናው ጨዋታ፦ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ትልቁ ባትሪ 10 ዓመት ወይም 150 ሺህ ማይል ነው፣ የቀደመው ይደርሳል፣ ከዛ በፊት ያሉት 8 ዓመት ወይም 100 ሺህ ማይል ነበሩ። ለሁለተኛውም ባለቤት ያልፋል። ስለዚ 2019 እና 2020 ጎን ለጎን ቆመው በዋጋ ትንሽ ብቻ ከተለያዩ ሳታመነቱ 2020ዋን ውሰዱ፣ መልካቸው አንድ ነው፣ ግን ሁለት ዓመትና 50 ሺህ ማይል የባትሪ ዋስትና በነፃ ነው የምታገኙት። አንድሮይድ ስልክ ለያዘ ሰው ደግሞ 2019ዋ አንድሮይድ አውቶ የላትም፣ ካርፕሌይ ብቻ ነው ያላት።

ከዋራንቲ ውጪ ሆኖ ቢሞትስ? ለማወቅ ብዬ ጠይቄያለሁ፣ አዲስ ባትሪ ከነሥራው ከ4 እስከ 5 ሺህ ዶላር መሀል ነው የሚሉት። ብር ነው፣ አልዋሽም። ግን በዓመት 750 ዶላር ነዳጅ የምትቆጥብ መኪና ከ10 ዓመት በኋላ 5 ሺህ ብትጠይቅ ሒሳቡን እናንተ ስሩት። እዚሁ ዲሲ የኛ ሰዎች ታክሲና ኡበር የሚሰሩባቸውን የቶዮታ ሃይብሪዶች ጠይቋቸው፣ 200 ሺህ ማይል ያለፈ በመጀመሪያ ባትሪው የሚሄድ ብርቅ አይደለም። በርካሽ "እናድሳለን" ከሚሉት ግን ተጠንቀቁ፣ የሞተውን ሴል ብቻ አውጥተው ሌላ አሮጌ ሴል ይከቱና ከጥቂት ወር በኋላ ሌላኛው ሴል ይሞታል፣ መልሳችሁ ትከፍላላችሁ።

እና ባትሪውን የሚገድለው ምንድነው ካላችሁ፣ ሙቀት። ከኋላ ወንበር ግርጌ አየር የሚስብበት ቀዳዳ አለ፣ ውስጡ ፋንና ፊልትሮ አለው፣ ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው፣ ካቢኑ ውስጥ ያለውን አየር ነው የሚስበው። የልጆች ብርድ ልብስ፣ ጃኬት፣ የሱቅ ከረጢት እዛ ጋ ተደፍቶ ከዘጋው ባትሪው ይግላል። ከኋላ ወንበር ላይ ጤፍ የምትጭኑ ደግሞ፣ እናውቃለን ሁላችንም እንጭናለን፣ የዱቄቱ ብናኝ እዛ ነው የሚገባው። ፊልትሮውን አውጥቶ በአየር መንፋት የአስር ደቂቃ ሥራ ነው፣ ክፍያም አይጠይቅም። ብዙ ሰው መኖሩንም አያውቅም፣ ዲለሩም ካልጠየቃችሁት ትዝ አይለውም።

ሰውን የሚያስቸግረው እንደውም ትልቁ ሳይሆን ትንሹ ባትሪ ነው፣ ባለ 12 ቮልቱ። እሱ ከደከመ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናዋ "ሬዲ" (ለመሄድ ዝግጁ ነኝ) አትልም፣ ኮምፒውተሮቹን የሚያነቃው እሱ ስለሆነ፣ ዳሽቦርዱ ላይ መዓት መብራት ይበራል፣ ባለቤቱ ደግሞ ሃይብሪድ ባትሪው ሞተ ብሎ ይደነግጣል፣ ተጎትቶ ዲለር ይሄዳል። በተለይ ለገና ለጥምቀት አገር ቤት ገብታችሁ አንድ ወር አቁማችሁ ስትመለሱ ነው ይሄ የሚመጣው። ለረጅም ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ቤት ላለ ሰው ቁልፉን ሰጥታችሁ በሳምንት አንዴ "ሬዲ" አድርጎ ግማሽ ሰዓት ያቁማት፣ ወይም ጋራዥ ካላችሁ ትንሽ ቻርጀር ሰክታችሁ ሂዱ። ቁልፉን ደግሞ መኪናዋ አጠገብ ግድግዳ ላይ አትስቀሉት፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠራሩ ነው የሚያድሩት። በሯ አልከፈት ካለ ሪሞቱ ውስጥ የብረት ቁልፍ ተደብቋል፣ እሱን አውጡት። ባትሪው ኤጂኤም የሚባለው ዓይነት ስለሆነ ከተራው ይወደዳል፣ ከ250 እስከ 300 ዶላር ያዙለት።

ሰርቪስ። ሌክሰስ የሚለው በየ5 ሺህ ማይሉ ወይም በየስድስት ወሩ ኑ ነው፣ ዘይት ግን የሚቀየረው በየ10 ሺህ ወይም በዓመት ነው፣ መሀል ላይ ያለችው የ5 ሺዋ ጎማ ማዟዟርና ማየት ብቻ ነች። ዘይቱ 0ደብልዩ-16 የሚባል ቀጭን ሲንቴቲክ ነው፣ 5 ኳርት የማይሞላ ነው የምትወስደው። እኔ በዓመት ብዙ ስለምነዳ 10 ሺህ አልጠብቅም፣ ቀደም አደርጋለሁ፣ እሱ የኔ ፀባይ ነው። አየር ፊልትሮ በ30 ሺህ፣ ፍሬን ዘይት በ30 ሺህ ወይም በሦስት ዓመት፣ ካንዴላ እስከ 120 ሺህ አይነካም፣ የሞተሩ ኩላንት መጀመሪያ በ100 ሺህ፣ የኢንቨርተሩ ደግሞ በ150 ሺህ። አዎ ኢንቨርተሩ፣ የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሮቹ የሚቀይረው ዕቃ፣ የራሱ ኩላንት አለው፣ ለብቻው የሚታይ ትንሽ ጋን፣ ዘይት ስትፈትሹ እሱንም አንዴ እዩት። ከዚህ ውጪ የሚገርም ነገር የለውም። ታይሚንጉም ሰንሰለት ነው፣ ቀበቶ የለውም።

ዲለር ቤቱ ግን ሌላ ዓለም ነው። እዚህ አካባቢ አንድ ዲለር ጋ ለ30 ሺው ሰርቪስ ገባሁ፣ ቡናው አለ፣ ኩኪሱ አለ፣ ሶፋው አለ፣ ልጅቷ ታብሌት ይዛ መጣችና ፈገግ ብላ የዋጋ ዝርዝር አሳየችኝ፣ ኢንጀክተር ማጽዳት፣ ስሮትል ቦዲ ማጽዳት፣ "የሃይብሪድ ሲስተም ሰርቪስ" የሚል ነገር፣ አላይመንት፣ ተደምሮ ከሺ ዶላር በላይ። "የሃይብሪድ ሲስተም ሰርቪስ" ማለት ምንድነው ስላት ገብታ ጠይቃ መጣች፣ ያው ያቺን ፊልትሮ ማጽዳትና ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ማየት ነው። ዘይትና ፍሬን ዘይት ብቻ አስቀይሬ ወጣሁ።

ወረቀቱን አሌክሳንድሪያ ላለው መካኒካችን ወስጄ አሳየሁት። ጋሼ መነፅሩን አውጥቶ አነበበና "ይሄን ሞተር ታውቀዋለህ ልጄ?" አለኝ፣ "ቤንዚኑን በሁለት በኩል ነው የሚረጨው፣ ከቫልቩ በስተጀርባም በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥም፣ ስለዚህ ቫልቩን ራሱ እያጠበ ነው የሚሄደው፣ ማይሉ ገና ምን ሆነና ነው ኢንጀክተር የምናጥበው? ዘይቱን በጊዜው፣ ኩላንቱን በጊዜው፣ ከዛ ዝም ብለህ ንዳ።" የካምቢዮውን ዘይት ስጠይቀው ግን ቆም አለ፣ "ዲለሩ አይቀየርም ይልሃል፣ እኔ 60 ሺህ ላይ እቀይርልሃለሁ፣ ፓምፕ አያስፈልገውም፣ ማፍሰስና መሙላት ነው" አለኝ። ይሄኛው ብር የማይበዛበት ነገር ስለሆነ እሱን ነው የማምነው።

እዚህ ጋ አንድ የብዙ ሰው ፍርሃት አለ፣ "ዲለር ካልሄድኩ ዋራንቲዬ ይሰረዛል" የሚል። አይሰረዝም። ከ1975 ጀምሮ ማግነሰን-ሞስ የሚባል የፌዴራል ሕግ አለ፣ ሰርቪስ ውጪ አሰራህ ብሎ ብቻ ዋራንቲህን ሊከለክልህ አይችልም። ግን ደረሰኝ! ቀኑ፣ ማይሉ፣ የዘይቱ ዓይነት የተጻፈበት ደረሰኝ ያዙ። የኛ ሰው ካሽ ከፍሎ "በቃ አመሰግናለሁ ጋሼ" ብሎ ነው የሚወጣው፣ ከዛ ባትሪው በ90 ሺህ ማይል ችግር ቢያመጣ ምን ሊያሳይ ነው? ጋሼ ራሱ አሁን አሁን ሳልጠይቀው ነው የሚጽፍልኝ። በዋጋ ደረጃ ለአንድ ዘይት ዲለሩ ጋ 120 ምናምን ዶላር የምከፍለውን እሱ ጋ በ75 እወጣለሁ።

እንግዲህ ሌክሰስነቷ የሚያስከፍለው የት ጋ ነው? የፊት መስታወቷ ለምሳሌ። 95 ሃይዌይ ላይ ከጭነት መኪና የተፈናጠረች ጠጠር መታችኝ፣ ፍንጥሯ እያደገ እያደገ ሄዳ መቀየር ነበረበት። ብርጭቆው ድምፅ የሚያፍን ዓይነት ነው፣ ጸጥታዋ ከየት ይመጣል፣ ከላይ ደግሞ የሌኑንና የፊት መኪናውን የምታይ ካሜራ አለች፣ መስታወቱ ሲቀየር ካሜራዋ እንደገና መስተካከል አለባት፣ ካልሆነ ፍሬኑም ሌኑም በትክክል አይሰራም። ብርጭቆና ማስተካከያው ተደምሮ ከሺ ዶላር አለፈ። ኢንሹራንሳችሁ ላይ የመስታወት ሽፋን መኖሩን ዛሬውኑ እዩ፣ ዲዳክቲብሉንም ጭምር። ፓራውልቱም እንደዛው፣ ኋላ ያለው ፓራውልት ውስጥ የብላይንድ ስፖት ራዳሮች ስላሉ ፓርኪንግ ላይ ቀስ ብሎ የነካችሁ ሰው "ምንም አልሆነም ወንድሜ፣ ቀለም ብቻ ነው" ቢላችሁ አትስሙት፣ አስፈትሹ። የፊት መብራቷ ኤልኢዲ ነው፣ አምፖሉ አይቀየርም፣ ሙሉውን ነው፣ ዲለር ጋ አንዱ ብቻ ከሺ ዶላር በላይ ነው። ለዚህ ሁሉ ነው ኢንሹራንሱ ከካምሪ የሚበልጠው፣ ኢንሹራንስ ካምፓኒው ይሄን ሒሳብ ከኛ በፊት ሰርቶታል።

ጎማ ደግሞ እንደ ቸርኬው ነው። የኔ 18 ኢንች ነው፣ 235/45፣ ጎኑ አጭር ስለሆነ ጉድጓድ አይችልም፣ ክረምት ካለፈ በኋላ የዲሲ መንገድ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፣ አንዱ ጎኑ አብጦ ጣልኩት። ጥሩ ጎማ አራቱን ከነመግጠሚያው ወደ 900 ዶላር ነው። 17 ኢንች ያላት 215/55 ነው የምታደርገው፣ ጎማው ይረክሳል፣ ትመቻለችም፣ ጉድጓድም ትችላለች፣ እንደገና ብገዛ 17ቷን ነው የማየው። ጎማ ሲቀየር ርካሹን አትግጠሙ፣ ጸጥታዋም ነዳጇም እዛ ላይ ነው የሚጠፋው።

እና ታክሱ። ኧረ ታክሱ! ቨርጂኒያ የምንኖር ሰዎች በየዓመቱ ለመኪናችን ፕሮፐርቲ ታክስ እንከፍላለን፣ እንደ ካውንቲውና እንደ ከተማው ይለያያል እንጂ ከ100 ዶላር ግምት 4 ወይም 5 ዶላር አካባቢ ነው፣ ከመጀመሪያው 20 ሺህ ዶላር ግምት ላይ ስቴቱ ከፊሉን ይሸፍናል፣ ከዛ በላይ ያለው ሙሉ በሙሉ የናንተ ነው። ሌክሰስ ዋጋዋ ቶሎ አይወርድም ብለን ነው የምንገዛት አይደል፣ ይኸው ዋጋዋ ስላልወረደ ታክሱም አይወርድም። በ2022 ያገለገሉ መኪናዎች ዋጋ በተሰቀለ ጊዜ ያረጀ መኪናቸው ላይ ካለፈው ዓመት የበለጠ የከፈሉ ሰዎች አሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ጓደኞቼ ሜሪላንድ ይሄ ስለሌለባቸው ይስቁብኛል። በዛ ላይ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ ሃይዌይ ዩዝ ፊ የሚባል አለ፣ በጋሎን 25 ማይልና ከዛ በላይ የምትሄድ መኪና ነዳጅ ትንሽ ስለምትጠጣ የነዳጅ ታክስ ትንሽ ትከፍላለች ተብሎ ሬጅስትሬሽን ስታድሱ የሚጨመር ነው። ነዳጅ ስለቆጠብኩ ልቅጣህ ነው እንግዲህ። ብዙ አይደለም ግን ያበሳጫል።

ሌላ የሚያበሳጨው ታችፓዷ ነው። እስከ 2021 ድረስ ያሉት ስክሪናቸው አይነካም፣ መሀል ላይ ባለች ትንሽ ፓድ ጣት እያንሸራተታችሁ ነው የምትመርጡት፣ እየነዱ እሷን መጠቀም ፈተና ነው። 2022 ላይ ስክሪኑን የሚነካ አድርገውታል፣ አቅም ካላችሁ ከሱ ጀምሩ። የኋላ ወንበሩም አይታጠፍም፣ ቴሌቪዥን ወይ ቁም ሳጥን ገዝቶ ለመጫን አትሆንም፣ ለሱ የጓደኛ ራቭ4 አለ። ራቭ4 ስል፣ ባለ አራት ጎማ ጉልበቱ ራቭ4 ሃይብሪድ ላይ ወደ ኋላ ሞተር የሚሄደው ገመድ በጨው የሚዝግበት ችግር ነበር፣ ቶዮታ ለሱ ዋስትናውን አራዝሟል። ኢኤስ 300ኤች የፊት ጎማ ብቻ ስለሆነች ያ ገመድም ያ ችግርም የለባትም፣ በረዶ ላይ ግን ጥሩ ጎማ ትፈልጋለች።

ኡበር ለመሥራት የምታስቡ ወንድሞችና እህቶች ስለዚች መኪና ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። ካምሪ ሃይብሪዱን ውሰዱ። ሞተሩ ያው፣ ባትሪው ያው ሐሳብ፣ መስታወቱና መብራቱና ኢንሹራንሱ ግን ርካሽ፣ በዓመት 40 እና 50 ሺህ ማይል ለሚነዳ ሰው ሌክሰስነቱ የሚከፍለው ነገር የለም፣ ከኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ ነው በነፃ የሚመቸው። "ቆይቼ አገር ቤት እልካታለሁ" ለምትሉም፣ ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ካልሆነ አውቶሞቢል አይገባም ማለቷን አትርሱ፣ በዛ ሒሳብ ላይ ተመስርታችሁ ምንም አትግዙ።

ለራሳችሁ፣ ለቤተሰብ፣ ለረጅም ጊዜ ልትይዟት ከሆነ ግን ያገለገለች ፈልጉ፣ አዲሱ ትውልድ በ2025 ሻንጋይ ላይ ስለታየ የድሮው መልክ ዋጋው የሚላላበት ጊዜ ነው። ሰርቲፋይድ ከሆነች 161 ነገር ተፈትሾ ነው የምትመጣው፣ መጀመሪያ የነበራት የ4 ዓመት ወይም 50 ሺህ ማይል ዋራንቲ ካለቀ በኋላ ሁለት ዓመት ያለ ማይል ገደብ ይጨምራል፣ ለሱ ሁለት ሺህ ዶላር ቢያስጨምሯችሁ አይከፋኝም። ከግለሰብ ከገዛችሁ የኋላ ዲስኮቹን በመንኮራኩሩ ቀዳዳ እዩ፣ ዝገት ከበላቸው ብዙ ቆማለች ማለት ነው። ከኋላ ወንበር ግርጌ ያለውን ፊልትሮ አስከፍቱ፣ በብናኝ ተደፍኖ ካገኛችሁት ባለቤቱ ሌላውንም ሰርቪስ እንደዛው ነው የያዘው። በርዷት ያደረችበት ጠዋት ላይ አስነሷት፣ ሞቃ ከጠበቀቻችሁ ሌላ ቀን ኑ። ከማርሚታው በኩል ሲነሳ የሚጮህ ከሆነ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ (የጭስ ማጣሪያው) ተሰርቆ በርካሽ ተተክቶ ሊሆን ይችላል፣ የሃይብሪድ ኮንቨርተር ሌቦች ይወዱታል። በመጨረሻም ባትሪውን ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ የየብሎኩን ቮልቴጅ የሚያሳይ መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቁጥሮቹ ተቀራራቢ መሆን አለባቸው፣ አንዱ ከሌሎቹ ርቆ ከወረደ ያቺን ተዋት። ሻጩ "ምን ያስፈልጋል፣ ምንም የለባትም" ብሎ አላስነካም ካለም አትከራከሩ፣ ከሊዝ የምትመለስ ኢኤስ እዚህ አካባቢ ሞልቷል።